የጓንዡ መረቅ፦ ከሊዶንግ እስከ ገና

ጥቅምት 28

ዛሬ ሊዶንግ ነው፤ በቻይኖች አቆጣጠር ብርድ የሚገባበት ቀን። ደቡብ ቻይና ያለችው ከተማዬ ጓንዡ ግን ብርዱን የሰማች አትመስልም። ከሥራ የተመለስኩት በቲሸርት ነው። የሰፈሩ ሰው ግን ቀኑን አልረሳም። ደረጃውን ስወጣ ከየበሩ የመረቅ ሽታ ተቀበለኝ። ሁለተኛ ፎቅ ዝንጅብል። ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ሴለሪ የሚመስል፣ መሬት መሬት የሚል፣ ያልለየሁት ነገር።

ያልለየሁት ነገር የሚመጣው ከአፖ ቤት ነው። አፖ በካንቶኒዝ፣ በዚህ አካባቢ ቋንቋ፣ አያት ማለት ነው። ስማቸውን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ለሁሉም ሰው አፖ ናቸው። እኔን አሙይ ይሉኛል፤ ትንሿ እህቴ እንደ ማለት።

ቦርሳዬ ውስጥ የላቦራቶሪ ወረቀት አለ። የደም ማነስ የሚታወቅበት ሄሞግሎቢን 104። እዚህ ለሴት የሚጻፈው ዝቅተኛው 115 ነው። ሐኪሟ የብረት እንክብል አዘዘችልኝ፤ ሁለት ወር። አፖ ፊቴን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው።

“ምላስሽን አውጪ።”

ደረጃ ላይ ቆሜ ምላሴን አወጣሁ። ስልካቸውን አብርተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ገርጥቷል፤ ጠርዙ ላይም ጥርሴ ታትሟል። “ደምም የለሽ፣ ቺም የለሽ” አሉ። ቺ ትንፋሽም ነው፣ ጉልበትም ነው፤ በአንድ ቃል ልተረጉመው ሞክሬ ትቼዋለሁ።

በቃ፣ የእሳቸውን መረቅ ልሞክረው ወሰንኩ። እስከ ገና ድረስ በሳምንት አንድ ድስት። የገባውን ሁሉ በግራም መዝኜ እጽፋለሁ። የብረት እንክብሉን ግን አላቆምም። መረቅ እጠጣለሁ ብሎ የሐኪም መድኃኒት መተው ጅልነት ነው፤ አፖ ራሳቸው ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ክኒን ይውጣሉ።

ጥቅምት 30

ድስት ገዛሁ። ከውጭ ሻካራ ከውስጥ የተቀባ ሸክላ ነው። ዙሪያውን በሽቦ ታስሯል፤ ሲያዩት እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ያሳዝናል። ሽቦው እንዳይፈነዳ ነው አሉኝ። መረቁ ውስጥ ለሚገቡት የመድኃኒት ሥሮች ብረት ድስት አይሆንም፤ ከብረቱ ጋር ይጣላሉ፣ መረቁም ይጠቁራል።

ዛሬውኑ ልጥደው ስል አፖ እጄን ያዙኝ። መጀመሪያ ሩዝ በብዙ ውሃ፣ በቀስታ፣ ገንፎ እስኪሆን። ከዚያ እንዳለ ይደር። የሩዙ ውሃ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ሳቄ መጣ። ይሄማ ማሟሸት ነው! እማዬ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለአፖ በስልክ ቪዲዮ አሳየኋቸው። እሳቸውም የምጣዱን ስፋት አይተው “ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?” አሉ።

ኅዳር 1

ዛሬ እሑድ ነው፤ ቺንግፒንግ ገበያ ሄድኩ። ሊዋን ክፍለ ከተማ፣ ከሻሚየን ደሴት ማዶ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተ ነው፤ ቻይና ውስጥ ሰው በነፃነት መነገድ ሲፈቀድለት ከቀደሙት አንዱ። መድኃኒቱ በጆንያ ነው የሚሸጠው። የደረቀ እንጉዳይ ክምር፣ የቀንድ ቅጥልጥል፣ በቀርከሃ እንጨት ተወጥረው የደረቁ እንሽላሊቶች፣ የባሕር ፈረስ። ዓይኔን ከእንሽላሊቶቹ እያሸሸሁ ሥርና ፍሬ ወዳለበት ሄድኩ።

የገዛሁት፦ ሁዋንግቺ፣ ሐኪም ጉሮሮ ሲያይ ምላስ የሚጫንበትን ስስ እንጨት የሚመስል ቢጫ ሥር። ዳንግጉይ፣ ያ የሴለሪ ሽታ ባለቤት፤ ከጋንሱ የመጣ። የዘር ሐረጉ ከድንብላልና ከእንስላል ጋር ነው፤ ሽታው አፍንጫዬ ላይ የተንጠለጠለው ለካ በዝምድና ነው። ጎውቺ፣ ከኒንግሺያ፤ ትንሽ ቀይ ፍሬ፣ የቲማቲምና የበርበሬ ዘመድ። ሆንግዛኦ፣ ይሄን እንኳ እናውቀዋለን፤ የእኛ ቁርቁራ ወንድም ነው፣ እዚህ ግን ተምር አክሎ።

ሻጩ ጎውቺውን ሲያሳየኝ ከሁለት ጆንያ ነው። አንዱ የሚያበራ ቀይ፣ አንዱ ደብዘዝ ያለ። እጄን ወደሚያበራው ስዘረጋ ከጎኔ የቆመች ገዢ ሴትዮ አፍንጫዋን ነካ አድርጋ አሳየችኝ። አሸተትኩት። ክብሪት ሲጫር የሚመጣው ዓይነት ጎምዛዛ ሽታ። በድኝ የታጠነ ነው። እንዲያምርና እንዳይነቅዝ ያጥኑታል። ደብዛዛውን ገዛሁ። ሻጩም አልተቀየመም፤ ሁለቱንም የሚሸጠው እሱው ነዋ።

ሌላ የገረመኝ ነገር፣ ሰው ሁሉ ያወራል። ሴትዮዋ ሳልጠይቃት ለጉልበቷ ምን ከምን ጋር እንደምትቀቅል ከነሚዛኑ ነገረችኝ። አንድ ሽማግሌ ጣልቃ ገብቶ መጠኑ ስህተት ነው አላት፤ ተጨቃጨቁ። እኛ አገር መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን የሚቆርጠው ሰው ሳያየው ነው። ስሙን ከተናገረ ይረክሳል፣ አይሠራም። አያቴ ለጉንፋን የምትሰጠንን ነገር ለእማዬ እንኳ ሳትነግራት ነው ይዛው የሞተችው። እዚህ አውቶቡስ ላይ ይነግሩሻል።

ማታ። የመጀመሪያው ድስት፦ በግ፣ ዝንጅብል፣ ዳንግጉይ። የዛሬ 1800 ዓመት ገደማ የኖረው ሐኪም ዣንግ ጆንግጂንግ ካዘዛቸው አንዱ ነው። በግና ዝንጅብል ካለበት ምን ሊከፋ ይችላል ብዬ መረጥኩት። የበግ ሥጋ 500 ግራም፣ ዝንጅብል 30 ግራም፣ ዳንግጉይ አንድ ሊያንግ ማለትም 50 ግራም። ሥጋውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከትቼ አፈላሁና አረፋውን ከነውሃው ደፋሁት። “ውሃ ማብረር” ይሉታል። ከዚያ በአዲስ ውሃ፣ በትንሽ እሳት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጨው በመጨረሻ።

ኅዳር 2

ጉድ ፈላ።

ሽታው ሌሊቱን ሙሉ ከቤት አልወጣም። መረቁ ጥቁር ቡናማ ሆነ። ስጎነጨው መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ መረረ፣ ከዚያ ምላሴ ደነዘዘ። ገንዘብ አውጥቼበታለሁ ብዬ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ጨረስኩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሽንት ቤትና አልጋ ስመላለስ ነጋ። ዳንግጉይ አንጀት ያለሰልሳል፤ ይሄንን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው፣ ከሆነ በኋላ።

አፖ ጋ ሄድኩ። ስንት ጨመርሽ አሉኝ። “እንዳሉኝ፣ ሊያንግ።”

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እየሳቁ ወንበር ፈለጉ። እሳቸው ያሉት “ሊያንግ ፒየን” ነው። ሁለት ቁራጭ። ሊያንግ በማንዳሪን ሁለት ማለት ነው፤ የ50 ግራም ሚዛኑም ስሙ ሊያንግ ነው። ፊደሉም አንድ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እንኳ ይሄ ቋንቋ ጉድጓድ እየቆፈረ ይጠብቀኛል።

እልህ ያዘኝና ምሳ ሰዓት ላይ ጥንታዊውን አዘገጃጀት ፈለግኩት። ዳንግጉይ 3 ሊያንግ ይላል! ሮጬ ለአፖ አሳየኋቸው። እሳቸው አልተደነቁም። የዚያን ዘመን ሊያንግ የዛሬው አይደለም፤ 15 ግራም ገደማ ነው። እኔም ቶሎ አሰላሁት፤ 45 ግራም፣ ከእኔ ብዙም አይርቅም። “አዎ” አሉ አፖ፣ “ግን ወልደሽ ሆድሽን እየቆረጠሽ ነው?” አዘገጃጀቱ ለካ የአራስ ሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነው። “አንቺ በሽተኛ አይደለሽም። የደከመሽ ሰው ነሽ። ያ መድኃኒት ነው፣ የእኛ ምግብ ነው።”

ይሄ ልዩነት የአፖ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የቻይና መንግሥት ምግብም መድኃኒትም የሆኑ ነገሮች ብሎ ያወጣው ዝርዝር አለ። ዳንግጉይ የገባበት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፣ ያውም በቅመምነት ብቻ። እኔ ቅመሙን እንደ ድንች ነው የቀቀልኩት።

ኅዳር 8

ሁለተኛው ድስት። ዲጂታል ሚዛን ገዛሁ።

የዛሬው ሁዋንግቺና ዳንግጉይ ነው፣ 5 ለ 1። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ሊ ዶንግዩዋን ያወጣው ቀመር ነው፤ ስሙ “ደም የሚሞላ የዳንግጉይ መረቅ” ነው። ነገሩ ግን ግራ ያጋባል። የደሙ ሥር ዳንግጉይ ሆኖ ሳለ የቺው ሥር ሁዋንግቺ ለምን በአምስት እጥፍ በለጠ? አፖ ሩዝ እያጠቡ አስረዱኝ። በእሳቸው አነጋገር ደም የሚሠራው ሠራተኛ ቺ ነው። ሠራተኛው ተኝቶ እያለ ዕቃ ብትከምሪለት ምን ይጠቅማል? እንደ ሳይንስ አልወሰድኩትም። እንደ ኩሽና አስተሳሰብ ግን ደስ አለኝ።

15 ግራም ሁዋንግቺ መዘንኩ። ከዚያ 3 ግራም ዳንግጉይ። ሚዛኑ 3 ሲል ሳህኑ ላይ ያለውን ቆጠርኩ። ሁለት ቁራጭ።

ዶሮው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ዉጂ ይባላል። ላባው በረዶ የመሰለ ነጭ ነው፤ ሲገነጠል ግን ቆዳው ከሰል፣ አጥንቱም ጥቁር። ጓንዡ ውስጥ አብዛኛው መረቅ በአሳማ አጥንት ነው የሚሠራው። እኔ አሳማ ስለማልበላ አፖ በዶሮ ለወጡልኝ። ፎቶውን ለእማዬ ላክሁ። ወዲያው ደወለች።

“ጥቁር ዶሮ? ማን ነው ያዘዘልሽ?”

“ጎረቤቴ ናት እማዬ፣ አሮጊት።”

“አሮጊት አለች! ጠንቋይ እንኳ ገብስማ ነው የሚያዘው። ይሄኛው አጥንቱም ጠቁሯል።”

ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። መጨረሻ ላይ ማን ባርኮ አረደው ወደሚለው ስትሻገር መረቡ ተቋረጠ። እኔ እንዳቋረጥኩት ታስባለች፤ አልተሳሳተችም።

መረቁ ግን! ሁለት ሰዓት፣ ስድስት ሆንግዛኦ ፍሬያቸው ወጥቶ፣ ሦስት ቁራጭ ዝንጅብል፤ ጎውቺ አንድ እፍኝ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ፣ ቀድሞ ከገባ ስለሚፈርስና ስለሚጎመዝዝ። ቀለሙ የቀጭን ጠጅ። ጣዕሙ የዶሮ መረቅ ነው፣ ከኋላው ባቄላ ሲቆሉ የሚመጣው ዓይነት ጣፋጭ ሽታ አለ። የሁዋንግቺው ነው፤ እሱም የባቄላ ዘመድ ነው። ሁለት ሳህን ጠጣሁ። አንዱን ለአፖ አወረድኩ። ቀመሱና “ጨው አነሰው” አሉ። ትልቅ ምስጋና ነው።

ኅዳር 12

ጉንፋን። ጉሮሮዬ ተቃጥሏል። የተረፈ መረቅ ላሞቅ ስል አፖ በር ላይ ቆመው ከለከሉኝ። ሰውነት ሲታመም አይገነባም ይላሉ። አባባል አላቸው፦ በር ዘግቶ ሌባውን ውስጥ ማስቀረት። መጀመሪያ ሌባው ይውጣ።

ሌባ ማስወጫው ሊያንግቻ ነው። ጓንዡ ውስጥ በየጥጉ የሚሸጥ ጥቁር፣ ቀዝቃዛ ያልሆነ “ቀዝቃዛ ሻይ”። ቀዝቃዛነቱ ለሰውነት ነው፣ ለእጅ አይደለም። ኮሶ ጠጥቼ አላውቅም፤ አያቴ ስለ ኮሶ የምታወራውን ግን አሁን ገባኝ። ሻጩ ከብርጭቆው ጋር የደረቀ ፕለም ሰጠኝ፤ ለማርገቢያ።

ዛሬ አገር ቤት ኅዳር ሲታጠን ነው። እማዬ ቆሻሻውን ሰብስባ ስታጨስ ጭሱን በቪዲዮ አሳየችኝ፣ እያሳለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰው ከጨረሰ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። ለአፖ ሳወራቸው እነሱም በአምስተኛው ወር በዓላቸው በር ላይ አሪቲ የሚመስል ቅጠል እንደሚሰቅሉና እንደሚያጨሱ ነገሩኝ። እኔ ዛሬ ማጨስም መሳልም አልፈለግኩም። ተኛሁ።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። በግም ዶሮም እስከ ገና ደህና ሁኑ።

አፖ ግራ የሚጋቡ መስሎኝ ነበር። ምንም። ቡድሂስት ጓደኞቻቸው በወር ሁለት ቀን ሥጋ አይነኩም፤ የጾም መረቅ በደርዘን ያውቃሉ። ለመጀመሪያው ዪንኧር መረጡልኝ። ነጭ፣ የተጨማደደ፣ የደረቀ ስፖንጅ የሚመስል እንጉዳይ ነው። ሲቀቀል እንደ ተልባ ይለጠልጣል።

ትናንት ማታ ውሃ ውስጥ ነክሬ ተኛሁ። ሽሮ የሚሆን ሽምብራ እንደምንነክረው። ጠዋት አፖ አይተው ከነውሃው ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደፉት። ተናደድኩ። እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ተናደው ነበር። እንጉዳይ ውጭ ሲነከር አድሮ የሚያፈራው መርዝ አለ፤ ቦንግክሬኪክ አሲድ ይባላል። ብትቀቅዪው አይጠፋም። ሽታም ጣዕምም ላይኖረው ይችላል። ጉበት ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል። አፖ የኬሚካሉን ስም አያውቁም፤ “ያደረ እንጉዳይ” ብቻ ነው ያሉኝ። ስሙን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ካነበብኩ በኋላም እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

አዲስ ነከርኩ፣ አንድ ሰዓት፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ቢጫውን ቂጡን ቆርጬ ጣልኩ፣ በጣቴ ቦጫጨቅኩት። ሊየንዝ ማለትም የሎተስ ፍሬ 30 ግራም፤ ልቡ ውስጥ አረንጓዴ ቡቃያ አለ፣ ካልወጣ ይመራል። ባይኸ 15 ግራም፤ እሱም የአበባ ሽንኩርት ነው፣ በጣም ነጭ ከሆነ እንደ ጎውቺው በድኝ ታጥኗል። ስምንት ሆንግዛኦ፣ ጥቂት የስኳር ድንጋይ። ሁለት ሰዓት። ማንኪያ ስታነሺው ክር ይስባል። ቁርስ ላይ አሪፍ ነው። መረቅ ነው ብሎ ለመጥራት ግን ከበደኝ፤ ጾም የገባ አጥሚት ነው።

ኅዳር 23

ሁዋይሻን። ትኩሱን ገዛሁ። ወላይታ ሄዶ ቦዬ የበላ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ አንድ ዘር ናቸው። ይሄኛው ቀጭንና ረጅም ነው፣ እንደ ዱላ ታቅፈሽው ትሄጃለሽ። ያለ ጓንት ላጥኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጄ እስከ ክርኔ ማሳከክ ጀመረ። በውሃ ሳጥበው ባሰበት። አፖ እጄን በኮምጣጤ አሹልኝና እሳት ላይ አሞቁት። አሁን ስጽፍም ግራ እጄ አልተወኝም።

መረቁ ከጥቁር ባቄላና ከለውዝ ጋር ነው። ከላይ አፖ ከገዛ ማሰሯቸው አንድ ቁራጭ ቸንፒ ጣል አደረጉ፤ የመንደሪን ልጣጭ ነው፣ ከሺንኹይ። ሦስት ዓመት ካልሞላው ቸንፒ አይባልም። የእሳቸው ስንት እንደቆየ ጠየቅኳቸው፤ ልጃቸው ስትወለድ የደረቀ ነው አሉ። ልጃቸው አርባ አልፏታል። በመቆንጠጫ ነው ያወጡት።

እማዬ ደወለች። ድምፅሽ ተሻለው አለች። ጥቁር ዶሮዋን ረስታ አሁን “ያንን ደም የሚሞላውን ሥር ላኪልኝ” ማለት ጀምራለች። አይሆንም አልኳት። የምትወስደው ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ነው። ዳንግጉይ ከእሱ ጋር ሲገናኝ ደሙን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል። ተፈጥሮ ነው አይጎዳም አለች። ተፈጥሮማ እሬትም ነው።

ቤልጅየም የሆነውን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመክሳት ብለው የቻይና ሥር ያለበት እንክብል የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው ጠፋ። ከመቶ በላይ ሴቶች። የታዘዘው ሥር ፋንግጂ የሚባል ነበር። የገባው ግን ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሥር ነው፤ አሪስቶሎኪክ አሲድ ያለበት፣ ካንሰርም የሚያመጣ። ለዚህ ነው የተፈጨ ዱቄት የማልገዛው። ሥሩን ከነቅርጹ ካየሁት፣ ቢያንስ አፖ ያውቁታል።

እማዬ ዝም አለች። ከዚያ፣ “እሺ፣ ቁርቁራውንስ?” ቁርቁራውን እልክላታለሁ።

ታኅሣሥ 3

የአፖ ልጅ ከሥራ ስትመለስ ስጦታ አመጣችልኝ። ቀይ ካርቶን፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ። ውስጡ በስስ የተቆረጠ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ነገር፤ ሰሊጥ፣ ዋልነት፣ ሆንግዛኦ ያለበት። ለደም ማነስ ከዚህ የሚበልጥ የለም አለችኝ። ኧጂያኦ ነው።

ኧጂያኦ የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው።

የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። የአህያ ቄራው ከተማችን ውስጥ ሲከፈት ሰው ምን እንዳለ አስታውሳለሁ። ሽታውን አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሕዝቡ አጉረምርሞ አጉረምርሞ ተዘጋ። በዓለም ብዙ አህያ ያለው እኛ አገር ነው። ውሃ የሚቀዳው፣ እህል ወፍጮ ቤት የሚደርሰው በእሷ ጀርባ ነው። ቆዳዋ ሲወደድ አህያ ትሰረቃለች፤ ያደረችበት ቤት ሴቶች ጀሪካኑን ራሳቸው ያዝላሉ። የካቲት 2016 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ እንዲታገድ ተስማምተዋል።

ይሄን ሁሉ በማንዳሪን እንዴት ልበል? ስጦታ ነው። ልጅቷ ፊቴን እያየች ነው። ጾም ላይ ነኝ፣ የእንስሳ ነገር አልበላም አልኳት። እውነት ነው፣ ግማሹ። አፖ ግን እኔን የሚያውቁ ሴት ናቸው። ማታ ብቻዬን ሲያገኙኝ “ጾምሽ ሲያልቅስ?” አሉኝ። ያኔ ነገርኳቸው። ስለ ጀሪካኑም።

ብዙ አልተናገሩም። እሳቸውም በልጅነታቸው ውሃ በትከሻ ተሸክመዋል። ካርቶኑን መልሰው ወሰዱት። በምትኩ አንድ ከረጢት ጥቁር ሰሊጥ በሬ ላይ አንጠልጥለው አገኘሁ።

ታኅሣሥ 12

ዛሬ ዶንግዥ ነው፤ በዓመቱ አጭሩ ቀን። እዚህ ከአዲስ ዓመት ይበልጣል ይላሉ። ቢሮ በጊዜ ተለቀቀ። አፖ ጋ ታንግዩዋን በላሁ፤ የሚያጣብቅ ሩዝ ዱቄት ድብልብል፣ በዝንጅብልና በስኳር ውሃ። የሰሊጥ ሙሊቱ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት። የእኔን ለብቻው በለውዝ ሠርተውልኛል። ትልልቆቹ የእኔ ናቸው።

ታኅሣሥ 18

ውጤት ተቀበልኩ። ሄሞግሎቢን 119።

ደስ አለኝ፣ መዋሸት አልችልም። ለሐኪሟ ስለ መረቁ በኩራት ነገርኳት። ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ ባለፈው እንደ ነገርኩሽ ቡናሽን ከእንክብሉ ለየሽው?

ለይቻለሁ። ድሮ ከምግብ በኋላ ወዲያው ነበር የማፈላው፤ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ቡናው ጠልፎ ያስቀረዋል። አሁን ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። ሆንግዛኦስ አልኳት። ቀይ ስለሆነ ደም ይመስላል እንጂ ብረቱ ጥቂት ነው አለች። ቻይናዊት ናት፣ እናቷም ሆንግዛኦ ይቀቅላሉ። “እኔም እጠጣለሁ፣ ይጣፍጣል” ብላ ሳቀች።

ሪህ ያለበት ሰው ግን ለሰዓታት የፈላ የሥጋ መረቅ ባያዘወትር ይሻለዋል አለች፤ ለአፖ ንገሪያቸው። እነግራቸዋለሁ። ጨው አነሰው ይሉኛል።

እንክብሉ ነው? ቡናው ነው? ድስቱ ነው? ከሦስቱ ለሁለቱ ያስመዘገብኩት ቁጥር የለኝም። ለድስቱ ያለኝ ይሄ ማስታወሻ ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ከጥቅምት ወዲህ እሑድ ማታ ቆሜ ብስኩት በልቼ አልተኛሁም።

ታኅሣሥ 29

ገና። ጾሙን የፈታሁት በመጀመሪያው ድስት ነው። በግ 500 ግራም፣ ዝንጅብል 30 ግራም፣ ዳንግጉይ 3 ግራም። ከእማዬ የመጣ ኮረሪማ ነበረኝ፤ ሁለት ፍሬ ሰንጥቄ ጨመርኩ። ይሄ በየትኛውም የቻይና ሐኪም አልታዘዘም።

ሽታው ደረጃውን ሳይወርድ አልቀረም፤ አፖ ራሳቸው ወጡ። ሸክላውን ከፍተው አሸተቱ። ሴለሪው አለ፣ ግን ከኋላ ተቀምጧል። ፊት የሚመጣው ዝንጅብሉ ነው፣ ከዚያ አንድ ሌላ ነገር። አንድ ያልተሰነጠቀ ኮረሪማ ሰጠኋቸው። በጥርሳቸው ከፈቱት።

“ጻኦጉዎ?”

ጻኦጉዎ እነሱ ሥጋ ላይ የሚጥሉት ጥቁር ቡናማ ፍሬ ነው። መልኩ ቁርጥ ኮረሪማ፤ ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። አይደለም አልኳቸው፣ የኛ ነው። ደግመው አኘኩት። እርጥበት ያወጣል፣ ለሆድ ጥሩ ነው ብለው ፈረዱ። እማዬም ለሆድ ነው የምትለው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ሁለት ሳህን ጠጡ። ስለ ጨው አላነሱም። የቀረውን ኮረሪማ በወረቀት ጠቀለልኩላቸው። እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱ ላይ ሊጽፉ ጎንበስ አሉ።

“ለአንድ ድስት ስንት ግራም?”

ኮረሪማ መዝኜ አላውቅም። እማዬም መዝና አታውቅም። ስጠይቃት “እንዳየሽው” ነው የምትለኝ።

“ሊያንግ” አልኳቸው።

እስክሪብቷቸውን አንስተው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። “የትኛው ሊያንግ?”